የተሸጠው ቤትና ያልዞረው ስም

በኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ውስጥ ቤት መግዛት አንድ ድርጊት ሆኖ አያውቅም፤ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ከገዥ እጅ ወደ ሻጭ እጅ የሚያልፍበት ነው። ሁለተኛው የሻጩ ስም ከመዝገብ ላይ ተሰርዞ የገዥው ስም በቦታው የሚተካበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፤ አልፎ አልፎም የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገዥው በቤቱ ይኖራል፤ ጣራውን ያድሳል፤ አጥሩን ያጥራል፤ ልጁን ይድርበታል። በመዝገብ ፊት ግን እንግዳ ነው። ሻጩ በበኩሉ ገንዘቡን ተቀብሎ በልቶታል፤ ምናልባትም ከተማውን ለቆ ሄዷል። በመዝገብ ፊት ግን ባለቤት ነው።

ይህን ክፍተት የጸሐፊዎች ስንፍና ወይም የቢሮ ምልልስ የወለደው አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። በእርግጥም ስንፍናውና ምልልሱ አይካድም። ታሪኩ ሲመረመር ግን የመዘግየቱ ሥር ከዚያ የጠለቀ ሆኖ ይገኛል። መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? በመዝገቡ ውስጥ ለመጻፍ የሚበቃውስ ማን ነው? ገዥው በሚጠብቅበት ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት የሚሸከመው ማን ነው? የስም ዝውውር ታሪክ የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው።

ነገሩን ከጎንደር ዘመን መጀመር ይገባል፤ ምክንያቱም የመሬት ሽያጭን በጽሑፍ የማስፈር ልማድ በስፋት የሚታየው ከዚያ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደርና በአካባቢዋ ካህናት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ሪም የሚባለውን፣ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጋር የተያያዘውን መሬት እርስ በርሳቸው ይሸጡና ይገዙ ነበር። ሽያጩ የሚጻፈው ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት ላይ አልነበረም። በየአድባራቱ በሚጠበቁ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም መዝገብ ከእነዚህ የታወቀው ነው። በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራው የታሪክ ተመራማሪ ዶናልድ ክረሚ እንዳሳየው፣ ከሻጮቹና ከገዥዎቹ መካከል ሴቶች ቀላል የማይባል ስፍራ ነበራቸው።

የእነዚህ ጽሑፎች አቀራረብ አጭርና የተወሰነ ነው። ገዥው ማን እንደ ሆነ፣ ሻጩ ማን እንደ ሆነ፣ ዋጋው ስንት ወቄት ወርቅ እንደ ሆነ ይነገራል። ቀጥሎ ዋሱ ይጠራል። ከዚያ እማኞቹ በየማዕረጋቸው ይዘረዘራሉ፤ አብዛኛውን ቦታ የሚይዘውም ይኸው የስም ዝርዝር ነው። ለዛሬ አንባቢ ዝርዝሩ አሰልቺ ሊመስለው ይችላል። የጽሑፉ ጉልበት የነበረው ግን እዚያ ነው። እማኞቹ የተጠሩት ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ስማቸው የሰፈረውም ሽያጩን በያዘው በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሽያጭና ምዝገባ የተለያዩ ሁለት ጉዳዮች አልነበሩም። የገዥው ስም በመጽሐፉ ከገባ በኋላ «ነገ ተመለስ» የሚለው ሰው አልነበረም።

ይህ ማለት ግን የጎንደር ሥርዓት ለሁሉም ክፍት ነበር ማለት አይደለም። ብራናው በደብሩ ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ ቁልፉ በአለቃው እጅ ነው፤ ብዕሩም በደብተራው እጅ። በመጽሐፉ ስማቸው የገባው የጌታና የእመቤት ወገን የሆኑት ነበሩ። ሪሙ ከአንዱ ባለመብት ወደ ሌላው ሲተላለፍ መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ እዚያው ነበር፤ ስሙ ግን በገዥም በሻጭም በእማኝም ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። የምዝገባው ፍጥነት የጥቂቶች ፍጥነት ነበር።

ከሪም ውጭ ባለው ሰፊ የርስት ምድር ደግሞ የገዥ ዕጣ ሌላ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይመለሳል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር የማያውቅ የለም። አነጋገሩ የሚጠቀሰው በአብዛኛው የባለርስቱን ጽናት ለማድነቅ ነው። ከገዥው በኩል ሆኖ ለሚያዳምጠው ግን አስፈሪ ቃል ነው። ገንዘቡን ከፍሎ መሬት የያዘ ሰው አሥር ዓመት ቢያርስ፣ ሃምሳ ዓመት ቢያርስ፣ የሻጩ ዘር ተነሥቶ «የአባቴ ነው» ለማለት ይችላል ማለት ነው። ሌላውን መብት ሁሉ የሚያጠነክረው የጊዜ ርዝመት በዚህ አስተሳሰብ ገዥውን አያጠነክረውም። ርስት የአንድ ሰው ሀብት ሳይሆን የትውልድ ሐረግ ሀብት በመሆኑ አንድ ግለሰብ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም የሚለው እምነት ከዚህ በስተጀርባ ነበር። ወንድም፣ እኅት፣ የአጎት ልጅ ካልተስማሙበት የሽያጭ ነገር በቋፍ ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ የመሬት ክርክር የኢትዮጵያ ችሎት ዋና ሥራ ሆኖ ኖረ። የ«በላ ልበልሃ» ሙግትና የአማርኛ ንግግር ውበት አንዱ የሰለጠነበት ሜዳ ይኸው መሆኑን የቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሊዘነጉት አይገባም። ያ ሁሉ አንደበተ ርቱዕነት ግን የሚመነጨው እንቅልፍ ካጣ ገዥና ከማይተኛ ወራሽ መካከል ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቷ የሚገዛ አልነበረም፤ የሚሰጥ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ለየመኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው ሰፈር መሩላቸው፤ እነሱም ጭፍሮቻቸውን በዙሪያቸው አሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። መሬቱ ስንትና ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በኋላ እንኳ ሰፈሩ በመጀመሪያው ባለቤት ስም ይጠራል። በሕዝብ አንደበት ላይ ያለው መዝገብም ስም ለማዛወር እንደሚዘገይ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከተማይቱ ራሷ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትጸና አትመስልም ነበር። ደኑ አልቆ የማገዶ እንጨት በመጥፋቱ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ነገ ልትፈርስ በምትችል ከተማ ውስጥ መሬት ለመግዛት የሚደፍር ማን ነው? ሐሳቡ ተትቶ ባሕር ዛፉም ተስፋፍቶ ከተማይቱ ከረጋች በኋላ ግን መሬት ዋጋ ያለው ነገር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በተሾሙበት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የአዲስ አበባን መሬት በግል ይዞ መሸጥና መለወጥ የሚያስችል ደንብ ወጣ። ከዚህ ወዲያ የከተማው መሬት ከደጅ ጥናት ጎን በገንዘብም የሚገኝ ሆነ። ካርታ የሚለው የባዕድ ቃል በሕዝቡ ዘንድ የመሬት ሥዕል መሆኑ ቀርቶ የባለቤትነት ወረቀት የሚል ትርጉም ያዘ። እስከ ዛሬም የአዲስ አበባ ሰው «ካርታ አለው ወይ?» ሲል የሚጠይቀው ስለ መልክዓ ምድር አይደለም።

መሬት ሸቀጥ ሲሆን በብራና ኅዳግ ላይ ይጻፍ የነበረው ነገር ወደ ማዘጋጃ ቤት ዞረ። በዚህ ጊዜ አንድ መሠረታዊ ለውጥ ተከሰተ። ቀድሞ እማኙ፣ ዋሱና ጸሐፊው በአንድነት ተሰብስበው ይፈጽሙት የነበረው ነገር ለሁለት ተከፈለ። ሰዎቹ ውሉን በሽማግሌ ፊት በአንድ ቤት ይጽፋሉ፤ መዝገቡ ግን ርቆ በሌላ ቤት ተቀምጧል። ቀብድ የሚከፈለው፣ ውል የሚፈረመው፣ ምርቃቱ የሚወርደው ከመጀመሪያው ቤት ነው። ከሁለተኛው ቤት የሚገኘው ቀጠሮ ነው።

ይህን መከፈል በአንድ ሥርዓት ያገናኛል ተብሎ የተጠበቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ በዚህ ጉዳይ የማያሻማ ነበር። በቁጥር 1185 የማይንቀሳቀስ ሀብት ባለቤትነት በውል ወይም በኑዛዜ የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ ነው አለ። በቁጥር 2877 የሽያጩ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በቁጥር 2878 ደግሞ በመዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንዳይኖረው አዘዘ። መዝገቡ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ስሕተት እንዴት እንደሚታረም የሚዘረዝሩ 94 ያህል አንቀጾች፣ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ድረስ፣ ለብቻቸው ተመደቡ። ለገዥ ከዚህ የበለጠ ዋስትና ምን ሊሻ ይቻላል?

ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ፣ ከ3367ቱ ቁጥሮች ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ በቁጥር 3363 ላይ አንድ አጭር ድንጋጌ ተቀምጧል። ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ የተጻፈው ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ወደፊት እስከሚገለጽ ቀን ድረስ አይጸናም ይላል። እስከዚያው በልማድ የነበረው አሠራር ይቀጥል ተባለ። ሕጉ በአንድ እጁ መዝገብን የባለቤትነት ማለፊያ በር አደረገ፤ በሌላ እጁ በሩን ራሱን ለሌላ ቀን ቀጠረው። ቀጠሮ የሚሰጠው የቢሮ ጸሐፊ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሕግ አውጪው ራሱ ቀጠሮ ሰጠ። የተጠበቀው ትእዛዝ ሳይወጣ 14 ዓመታት አለፉ፤ ቀጠሮ ሰጪው ሥርዓትም ወደቀ።

ለመዘግየቱ ምክንያት አልነበረም ማለት አይቻልም። የተሟላ መዝገብ ለማቋቋም መሬትን መለካት፣ ወሰንን መለየት፣ ባለመብትን ማጣራት ያስፈልጋል። በየአውራጃው ርስት፣ ጉልት፣ ሪም፣ ሰሞን፣ ማደሪያ እየተባለ ተደራርቦ የተያዘ መሬት ይህን መሰሉን ማጣራት በቀላሉ አይቀበልም። ከዚህም በላይ ሰፋፊ መሬት የያዙት ባላባቶችና መኳንንት ይዞታቸው ተለክቶ፣ ተቆጥሮ፣ ግብሩ ተሰልቶ በአንድ ገጽ ላይ እንዲታይ የሚቸኩሉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ግልጽ መዝገብ የሚያስፈልገው ለትንሹ ሰው ነው። ትልቁ ሰው ያለ መዝገብም ይታወቃል።

በመሐሉ የአስተዳደር ወረቀት የመዝገቡን ቦታ ያዘ። ሕጉ በቁጥር 1195 ከአስተዳደር ክፍል የባለሀብትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው የዚያ ንብረት ባለቤት እንደ ሆነ ይገመታል ይላል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ማስረጃው ከተሰጠበት ቀን በኋላ ባለቤት መሆኑን ያስረዳ ሰው ሊረታ ይችላል። ማስረዳት ግን ጠበቃ፣ ምስክርና ጊዜ ይጠይቃል። ወረቀት የያዘው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚሮጠው ገንዘብ የከፈለው ነው። ከዚህ ላይ በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚታይ አንድ መራራ ነገር አለ። ስሙ ያልዞረለት ገዥ በየዓመቱ የቤቱን ግብር ይከፍላል፤ ደረሰኙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው በመዝገብ ላይ ባለው በሻጩ ስም ነው። ገዥው በላቡ በሚከፍለው ገንዘብ የሻጩን ማስረጃ ዓመት ከዓመት ያደልባል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሰው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በጽሑፍ ያለው ይወረሳል፤ የሚወርሰው ግን የሻጩ ልጅ ነው።

ይህ ክፍተት ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበር በግልጽ የታየው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚያዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት የተወረሱ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ድርጅት እጅ ገቡ። ለብዙ ተከራይ ኪራዩ ተቀነሰለት፤ የጌታውን የወር መጨረሻ ኳኳታም ተገላገለ። ይህ የማይካድ ነው። አዋጁ ሲወጣ በሽያጭና በስም ዝውውር መካከል ተንጠልጥሎ የነበረው ሰውስ?

ለማስረጃ ያህል አንድ መምህር በሐሳብ እንውሰድ። ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ከዕቁብ ጨምሮ፣ በ1963 ዓ.ም. ሦስት ቤት ካለው ሰው አንዱን ገዛ እንበል። ውሉ በሦስት እማኞች ፊት ተጽፏል። ስሙ ግን አልዞረም፤ አንዴ ሻጩ ወደ አገር ቤት ሄደ፣ አንዴ የቆየ ግብር አልተከፈለም ተባለ፣ አንዴ ፋይሉ አልተገኘም። አራት ዓመት በዚህ አለፈ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲደርስ በመዝገብ ላይ ያለው እውነት አንድ ሰው ሦስት ቤት አለው የሚል ነው። ሻጩ የሚኖርበትን ቤት ለራሱ ያስቀራል፤ የቀሩት ሁለቱ ትርፍ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ የመምህሩ ነው። መዝገቡን ብቻ ለሚያነብ ሰው መምህሩ ተከራይ ነው፤ ትናንት ለገዛው ቤት ከነገ ጀምሮ ለቀበሌ ኪራይ ሊከፍል ነው። ውሉን የሚያነብ ሰው ግን ሌላ ይላል። ለትርፍ ቤት ባለቤቶች የወጣ አዋጅ አንድ ቤት ብቻ ያለውን ሰው ሊነካው የሚችለው በዚህ በኩል ነበር። መነሻው ያልተጨረሰው የስም ዝውውር ነው።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች ክፍተቱን መልኩን ለወጡት እንጂ አላጠፉትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን ደነገገ። ስለሆነም የከተማ ሰው የሚሸጠው ቤቱን ነው፤ ቦታው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ አደረገ። ከዚህ በኋላ ስም ማዛወር የአንድን ስም በሌላ መተካት መሆኑ አከተመ። ገዥው በሻጩ እግር ሲተካ የሚረግጠው መሬት ዓይነቱ ይለወጣል። ቦታው ይለካል፤ ውዝፍ ግብር ይጣራል፤ ዕዳና እገዳ ይታያል፤ የሊዝ ውል ይፈረማል። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። እያንዳንዱ እርምጃም ጠረጴዛ አለው፤ በየጠረጴዛውም ወረፋ አለ።

ፍርድ ቤትም የራሱን ድርሻ ጨመረ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723 ተርጉሞ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሕግ ፊት አይጸናም አለ። ዓላማው የሚናቅ አልነበረም፤ ሐሰተኛ ውልንና በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ መሸጥን ለመግታት ይረዳል። ያን ጊዜ ግን በየሰፈሩ በመንደር ውል ቤት ገዝተው፣ ሽማግሌ አምነው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ቤቱ ዋጋው አሥር እጥፍ ሲያድግ ውሉን ማፍረስ የሚጠቅመው ለማን እንደ ሆነ ለመገመት የሕግ ዕውቀት አያሻም። የሽማግሌው ቃል በገዛ ዘመኑ ትክክለኛ መዝገብ ነበር። ዘመኑ ሲለወጥ በእሱ ያመነ ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

ሰው መዝገቡ ሲዘገይበት ሌላ ወረቀት ይፈጥራል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በአዲስ አበባ በዕጣ የተሰጡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጡ በመከልከላቸው፣ ገንዘብ የቸገረው ባለ ዕጣና ቤት የቸገረው ገዥ በውክልና ተገናኙ። ሻጩ ሽያጭ አይፈርምም፤ ገዥውን ወኪል ያደርገዋል። ወኪሉ በራሱ ቤት ውስጥ በሌላ ሰው ስም ይኖራል። ውክልና ግን የሰጪውን ዕድሜ አይሻገርም፤ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም ወረቀቱ አብሮት ይሞታል። ስለዚህ ገዥው ሌላው ሰው የማያውቀው ጸሎት አለው፤ ለሻጩ ጤና ይጸልያል። በበዓል ቀን ይደውልለታል፤ ሲታመም ይጠይቀዋል። በጎንደር ዋሱ ለገዥ የቆመ ሰው ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሽያጭ ግን ብቸኛው ዋስ የሻጩ ትንፋሽ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀጠሮ ሰጥቶ የተወውን ሥራ በሌላ ስም አነሣው። በከተሞች ሁሉ እያንዳንዱ ቁራሽ ቦታ ተለክቶ፣ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ መብቱ ተረጋግጦ በካዳስተር እንዲመዘገብ አዘዘ። አሠራሩ ባለሙያው በቦታው ተገኝቶ ወሰኑን እንዲያይ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ታይቶ ቅሬታ ያለው እንዲናገር የሚጠይቅ ነው። ባለሙያው ከአንድ አጥር በር ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ይወጡለታል። ወሰኑን ለማሳየት ጎረቤቶች ከግራና ከቀኝ ይጠራሉ፤ ግንቡ የቱ ጋ እንደ ነበር፣ ቦዩ የማን እንደ ሆነ ይነጋገራሉ። ሽማግሌው ከውስጥ ቤት የታሰረ ፌስታል ያመጣሉ። በውስጡ የሻጩ ስም ያለበት ካርታ፣ በሻጩ ስም የተቆረጡ የ20 ዓመት የግብር ደረሰኞችና ሦስት እማኞች የፈረሙበት አንድ የሸበተ ውል አለ። ከእማኞቹ ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው ከግንቡ ማዶ ቆሞ ይመለከታል።